በአማቴ መኪና ላይ የጨመርኩት ብየዳ

ሰፈር ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ሥራዬ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ የመኪና ገላ ቀጥቅጬ፣ የዛገውን ቆርጬ፣ የተቀደደውን በይጄ እኖራለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን «ጨምርበት» በሚል ቅጽል ነው። ያወጣልኝ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ሜካኒክ ነው። ለአንድ ጎረቤት የግቢ በር ማጠፊያ ስበይድ ቆሞ አየኝና፣ «ቤቱ ቢፈርስ ይኼ በር ብቻውን ቆሞ ይቀራል» አለ። ምስጋና መስሎኝ አንድ ዙር ደገምኩበት። ከዓመት በኋላ ሰውየው በሩን ሊያሰፋ ፈልጎ ማጠፊያው አልላቀቅ ቢለው ግድግዳውን አፈረሰ፤ ስሙም ያኔ ጸደቀልኝ።

ቤቴም ውስጥ ምስክር አይጠፋም ነበር። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የመተኮሻ ጠረጴዛ ሥራልኝ አለችኝና ሠራሁላት፤ እግሮቹን በአግዳሚ፣ አግዳሚውን በሰያፍ፣ ሰያፉን በሌላ ሰያፍ አጠናከርኩት። ቤት ስንቀይር አራት ሰው ሞክሮ ስላላነሳው ለአዲሱ ተከራይ ተውንለት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጠረጴዛ ስታወራ እንደ ሞተ ዘመድ ነው።

ጠረጴዛውን ያነሳሁት ለወሬ ማሟሻ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት በአማቴ መኪና ላይ ያደረግሁትን ለመረዳት እሱን ማወቅ ይጠቅማል።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ከመሠራቱ በፊት በባዶ መሬት ላይ እየተመላለሱ «እዚህ ይታጠፍ፣ እዚህ ይቆረጥ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መሣሪያውን ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ እንጂ ጠባዩን አልመለሱም። ከኪሳቸው ሲባጎና ቱንቢ፣ ከራስጌያቸው ውሃ ልክ አይጠፋም። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ዘሞ የተሰቀለ ፎቶ የለም። ሚስቴ ከወላጆቿ ጋር ልታስተዋውቀኝ የወሰደችኝ ቀን፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ሲያዩኝ ቆዩ። አልወደዱኝም ብዬ ደመደምኩ። ስንወጣ ሚስቴን ጠየቅኳት፤ «ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል ነው ያሉት» አለችኝ። እውነትም ዝቅ ይላል። የመዶሻ ትከሻ ነው።

መኪናቸው ከሚስቴ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ክብ መብራት፣ አራት በር፣ እንደ ጣት የቀጠነ መሪ፣ ሰውን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ወንበር አላት። ስታልፍ መንገደኛ ዞሮ ያያታል። እማማ፣ የሚስቴ እናት ማለቴ ነው፣ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የሚሏት። «እኔን ዝናብ ሲመታኝ ጥላ ያዢ ይሉኛል፤ እሷን ግን ሮጠው ያለብሷታል» ይላሉ።

ቅናቱ ቀልድ ቢመስልም መሠረት ነበረው። እማማ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት፣ ልክ እግራቸው ሥር፣ የመኪናዋ ወለል ዝጎ ተበስቷል። ዝናብ ሲሆን ጎማው የሚረጨው ውሃ ቀጥታ ጫማቸው ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በክረምት ጫማቸውን በፌስታል አስረው፣ ጉልበታቸውን ደረታቸው ድረስ ሰብስበው ነው የሄዱት።

ነገሩ የተነሳው ከዓይን ሐኪም ነው። ሐኪሙ የአማቴን ዓይን አየና፣ የያዙት መንጃ ፈቃድ ጊዜው ሲያልቅ ለማሳደሻ የሚሆን ማስረጃ እንደማይጽፍላቸው ቁርጡን ነገራቸው። ሊያልቅ የቀረው ሰባት ሳምንት ነበር። አማቴ አልተከራከሩም፤ ቀያሽ ከለካ ሰው ጋር አይከራከርም። በማግስቱ መኪናዋን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «በሃያ ስድስት ዓመቴ የቀየስኩት የተራራ መንገድ አለ። አሥራ ሰባት ኩርባ። ሌላ ሰው እየነዳ ብዙ ጊዜ ወጥቼበታለሁ። በራሴ እጅ፣ እሷን ከጎኔ አድርጌ ግን አልወጣሁትም። ዛሬ ነገ ስል አረጀሁ። ፈቃዴ ሳይሞት መውጣት እፈልጋለሁ።»

«ይወጣሉ አባባ።»

«እሷ ደግሞ እግሬ እየራሰ ተራራ አልወጣም ብላለች። ስለዚህ ይቺን ቀዳዳ ድፈንልኝ።» ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዙሪያዋን አሳዩኝ። «ይቺን ብቻ።»

መዳፍ የምታክል ቀዳዳ ናት። የሁለት ቀን ሥራ ነው አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን ወንበሩን አወጣሁ፣ ምንጣፉን ገለጥኩ፣ በባትሪ ዙሪያውን አየሁ። ዝገቱ ከቀዳዳዋ ብዙም አላለፈም፤ የቀረው ላሜራ በመዶሻ ጫፍ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እዚህ ላይ የዛገውን ቆርጬ፣ በልኩ ላሜራ አስገብቼ፣ በይጄ፣ ማስቲክ ቀብቼ፣ ምንጣፉን መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን እጄን በስፌቱ ላይ አሳለፍኩ። ጥፋቱ ከዚያ እጅ ይጀምራል።

እንዲህ ዓይነት መኪና እንደ ጭነት መኪና ከሥር ሻንሲ የለውም፤ ገላው ራሱ አጥንቱ ነው። ፋብሪካው ላሜራዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ ደርቦ፣ ሁለት ሁለት ጣት እየዘለለ በነጥብ በነጥብ ይበይዳቸዋል። በነጥቦቹ መካከል ያለው ቦታ ብየዳ አይነካውም፤ በማስቲክ ብቻ ይታሸጋል። ለውድድር የሚዘጋጁ መኪናዎች ላይ ግን ይህን የተዘለለ ቦታ እየተከተሉ ይበይዱታል፤ ገላው አልታጠፍ ባይ ይሆናል። ከዚያ በፊት ለአንድ የውድድር መኪና ባለቤት እንዲሁ ሠርቼለት ነበር። ሰውየው ሥራውን አይቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «እንዳንተ ያለ በያጅ አላየሁም» ብሎኝ ሄደ። ያ ቸብታ ሦስት ወር ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝቅ ያለችው ትከሻ ላይ።

እናም አሰብኩ። አሥራ ሰባት ኩርባ። አርባ ዓመት ያለፋት ገላ። ውስጧ ሁለት አዛውንት። እግረ መንገዴን ስፌቷን ሁሉ ብበይደው ማን ይጎዳል?

ሁለት ሰው መለሰልኝ። ሁለቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳቸው።

መጀመሪያ ሜካኒኩ ነው። ሻዩን ይዞ መጥቶ፣ የብየዳውን ሽቦ ሙሉ ጥቅልል ሳወጣ አየኝ።

«ለመዳፍ ቀዳዳ ይኼ ሁሉ ሽቦ?»

«ገላዋን ላጠናክራት ነው።»

«ከምን?»

«እንዴት ከምን?»

«ማን ሊመታት ነው ማለቴ ነው። ሰውየው በሠላሳ ነው የሚነዱት። ባለፈው ቢስክሌት ቀድሟቸው ሲያልፍ ሰላም ብለውታል።»

«ኩርባ ላይ ገላዋ ይወዛወዛል።»

«ይወዛወዝ። አርባ ዓመት ተወዛውዛ አልሞተችም። ስማኝማ፤ የውድድር መኪና ሌላ ነው። ውስጡ የራስ ቁር ያጠለቀ ጎረምሳ ነው የሚቀመጠው፤ ዙሪያውን በቧንቧ ታጥሮለታል፤ በየውድድሩ ፈታተው ያዩታል። ይቺ የመንገድ መኪና ናት። ብትጋጭ መታጠፍ ያለበት ቦታ እንዲታጠፍላት ነው የተሠራችው። አንተ ድንጋይ ካደረግሃት የሚታጠፉት እማማ ናቸው።»

«አንተ ሞተር ነው የምታውቀው።»

«አንተ ደግሞ ማቆም ነው የማታውቀው» አለና ሻዩን ጨልጦ ሄደ።

ራት ላይ ለሚስቴ ነገርኳት። ከልብስ ሰፊ ጋር መኖር አንድ ክፋት አለው፤ ስለ ስፌት ስታወራ የምታወራው ለባለሙያ ነው።

«ስንት ሜትር ትበይዳለህ?»

«ሁሉም ሲደመር ሃያ ሜትር ቢሆን ነው።»

«ቀጭን ጨርቅ ላይ ስፌት ሲደራረብ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«ይጠነክራላ።»

«ይኮማተራል። ከዚያ ቀሚሱ ገላ ላይ አይወርድም፤ ዚፑም አይዘጋም።»

«ላሜራ ጨርቅ አይደለም።»

«እሺ» አለች። ሚስቴ «እሺ» ስትል ተስማምታ አይደለም፤ ውጤቱን እጠብቃለሁ ማለቷ ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ላሜራ እሳት ሲነካው እንደሚኮማተር እኔ ራሴ ለስንት ደንበኛ አስረድቻለሁ። ለሌላው መምህር፣ ለራሴ ደንቆሮ።

አራቱንም በሮች አወረድኩ፤ እሳቱ ቀለማቸውን እንዳይልሰው ብዬ ነው። የፊቱንና የኋላውን መስታወት አወጣሁ። መኪናዋን በአራት ማቆሚያ ላይ ሰቀልኳት። እዚህ ላይ ስለ ወርክሾፔ ወለል አንድ ነገር ልናገር። ወለሉ ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ተብሎ ወደ አንዱ ጥግ፣ ወደ ፍሳሹ አፍ ያዘነበለ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ብሎን ቢወድቅብኝ አልፈልገውም፤ ተንከባልሎ ፍሳሹ አፍ ላይ ይጠብቀኛል። ሌላ ጊዜ መኪና ስሰቅል በዝቅተኛው ማቆሚያ ሥር ጣውላ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በውሃ ልክ አረጋግጣለሁ። ያን ቀን ጣውላውን ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ግድግዳ ተደግፎ አየሁት። «በኋላ» አልኩት።

ሞተሩን አላወረድኩም። እንግዲህ አስቡት፤ በር የሌላት፣ መስታወት የሌላት፣ ከፊቷ ከባድ ሞተር የተሸከመች ባዶ ገላ፣ አንድ ጥጓ ዝቅ ብሎ ተቀምጣለች። ትንሽ ተጠምዝዛለች ማለት ነው፤ በዓይን የማይታይ ጥምዘዛ። በዚያ ላይ ሃያ ሜትር እሳት፤ ብየዳው ሲደርቅ ጥምዘዛውን እንደያዘ ይቀራል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ቀሪውን ሳያነብ ያውቀዋል።

አሥራ አንድ ቀን በየድኩ። ደግሞ ውብ አድርጌ ነው የበየድኩት፤ መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቶ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ወጥ። አንዱን መስመር ስጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አየዋለሁ። ሜካኒኩ «ፎቶ አንሳው እንጂ» አለኝ። ሲያሾፍብኝ ነው። አነሳሁት። በመካከሉ አማቴ ደጋግመው ደወሉ፤ «አልቋል?» ይሉኛል፤ «ትንሽ ጨምሬበት ነው አባባ» እላቸዋለሁ። በመጨረሻው ቀን፣ ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ፣ ቀዳዳዋን ደፈንኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ በሮቹን ልሰቅል ተነሳሁ።

የሹፌሩ በር ገባ፤ ሲዘጋ ግን ከታች የበሩን ደፍ ጫረ። ማጠፊያውን አላላሁ፣ አጠበቅኩ፣ በሩን ወደ ላይ ገፋሁ። የእማማ በር ጭራሽ አልገጥም አለ፤ ከላይ ጣት ያስገባል፣ ከታች ወረቀት አያስገባም። ከእማማ ጀርባ ያለው እንደምንም ገባ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን በዳሌዬ ገፍቼ ዘጋሁት፤ ልከፍተው ብል እምቢ አለ። የፊት መስታወቱን ሳስቀምጠው ሦስት ማዕዘኑ ተኝቶ አራተኛው ተነሳ። አራተኛውን ስጫነው ሁለተኛው ተነሳ። መስታወቱን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩና ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሜካኒኩ ከወዲያ ማዶ መፍቻውን እየጠረገ፣ «ዚፑ አልዘጋ አለ?» አለኝ። ሚስቴ ነግራው ኖሯል።

አማቴ በማግስቱ ሳይደውሉ መጡ። እማማም አብረዋቸው ነበሩ፤ አጌጠው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ መኪናዋ አልቃ ወደ ቤት ይዘዋት ሊሄዱ። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ከሩቅ አዩዋት። አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዘነበለ። ያን ዘንበል አውቀዋለሁ።

ከኪሳቸው ሲባጎውን አውጥተው አንዱን ጫፍ ሰጡኝ። «ያዝ።» ከመስታወቱ ክፍት የላይኛው ማዕዘን ወደ ሰያፉ የታችኛው ወጠርነው፤ በሲባጎው ላይ ቋጠሮ አሰሩ። ከዚያ በሌላኛው ሰያፍ ወጠርነው። ቋጠሮው ከማዕዘኑ አንድ አውራ ጣት ርቆ ቀረ። ውሃ ልኩን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡት፤ አረፋዋ አንድ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ብሎን አነሱና ወለሉ ላይ ለቀቁት።

ብሎኑ ተንከባለለ። አራታችንም ተከትለን አየነው፤ ሜካኒኩም ሥራውን ጥሎ መጥቶ ነበር። ፍሳሹ አፍ ላይ ሲደርስ ቅጭል ብሎ ቆመ።

«ስንት ዓመት ሠራህ እዚህ ቤት?» አሉኝ አማቴ።

«አሥራ አራት።»

«የትከሻህ ነገር አሁን ገባኝ።»

እማማ መኪናዋን ዞረው፣ ያልገጠመውን በር በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ጣውንቴ አፏን አልዘጋም አለች? ስድስት ዓመት እግሬን በፌስታል አስሬ ሄድኩ፤ አሁን ደግሞ በሩን በእጄ ይዤ ልሂድ?»

«ወለሉ ግን አያፈስም እማማ» አልኩ። ባልናገረው ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ብየዳውን በጣታቸው ተከተሉት። «ያምራል» አሉ፤ ከምንም በላይ የከበደኝ ይኼ ነው። «ድልድይ ላይ ስትሄድ ጎማው ጠክ የሚልበት ቦታ አለ፤ አይተኸዋል?»

«አዎ፣ ክፍተቱ።»

«ለምን ተውት? ሲሚንቶ አልቆባቸው ነው?»

ዓይኔን ወደ ብየዳው መለስኩ።

«ሲሞቅ የሚሄድበት፣ ሲበርድ የሚመለስበት ነው። ይቺንም የሠሯት ሰዎች ሁለት ጣት እየዘለሉ የበየዱት ሰንፈው አይደለም።» ከዚያ መንጃ ፈቃዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ቀኑን ለማንበብ መጀመሪያ ከዓይናቸው አራቁት፣ ቀጥሎ አቀረቡት፣ ቀጥሎ ወደ ብርሃን ዞሩ። በመጨረሻ ለእማማ ሰጧቸው።

«ሃያ ስድስት ቀን» አሉ እማማ። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

አማቴ ፈቃዱን ተቀብለው ኪሳቸው መለሱ። «ይደርሳል?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንዴት እንደሚጨመር እንጂ እንዴት እንደሚቀነስ ተምሬ አላውቅም። «ይደርሳል» አልኩ፤ እንዴት እንደሚደርስ ግን አላውቅም ነበር።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ንፍጡን መጥረግ ግን ከመሳሙ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። መጀመሪያ ያን ጣውላ ከግድግዳው አንስቼ ከዝቅተኛው ማቆሚያ ሥር አደረግሁት፤ አማቴ ውሃ ልካቸውን ይዘው፣ ቀጭን ላሜራ እያስጨመሩኝ፣ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ግማሽ ቀን አስፈጁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ መጡ። የምቀመጥበትን ባልዲ ወረሱኝ። ሥራው እንዲህ ነው፦ በመቁረጫ ድንጋይ የበየድኩትን መስመር እከፍታለሁ፤ በክሪክ ጥጓን ጥቂት ቀና አደርጋለሁ፤ በሩን ሰቅዬ እሞክራለሁ፤ አወርደዋለሁ፤ ሌላ መስመር እከፍታለሁ። ያ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተኛው ብየዳ ብልጭታ ሆኖ ፊቴ ላይ ሲረጭ ዋለ። ለመበየድ አሥራ አንድ ቀን፣ ለመቁረጥ አሥራ አራት ቀን።

በአሥረኛው ቀን ከፊት ምሰሶው ሥር ያለውን መስመር ስጨርስ ገላዋ «ጧ» አለች። ታንቆ የቆየ ሰው እንደሚተነፍሰው። ሜካኒኩ ከሥራው ቀና አለ። አማቴ ሲባጎውን ወጠሩ፤ ቋጠሮው ከማዕዘኑ ላይ ቁጭ አለ። «እሰይ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እሳቸው መጨመር አይወዱም።

መልሼ ስበይድ ጠመኔ ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ሁለት ጣት እየለኩ ምልክት ያደርጋሉ፤ እኔ እዚያች ላይ ብቻ በስቼ በነጥብ እሞላለሁ። እጄ ይበላኛል። በሁለት ነጥብ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንደ ጎደለ ጥርስ ያሳስበኛል። አንድ ጊዜ፣ ያው አመል ነውና፣ ወደዚያ ባዶ ቦታ ጠጋ ስል አማቴ ጣታቸውን እዚያው አስቀመጡ።

«አባባ፣ እሳት ነው።»

«አውቃለሁ። እዚህ ጣቴ አለ፤ እዚያ በይድ።»

ስፌቱን በሙሉ እንዲሁ ጨረስነው። ጣታቸውን ሳያቃጥሉ፣ እኔም ሳልጨምር።

አንዱ በር ግን ቀረ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው። እሱን ለማስተካከል አንድ መስመር መክፈት ነበረብኝ፤ መስታወቶቹን፣ ወንበሮቹን፣ ማስቲኩንና ቀለሙን ስጨርስ ቀን አለቀብኝ። ይዘጋል፤ ከውስጥ ግን አይከፈትም። ከውጭም ቢሆን አንድ ሰው እጀታውን ይዞ፣ በሩን ወደ ላይ አንስቶ፣ በጉልበቱ መታ ማድረግ አለበት።

ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጉዞ ጀመርን። አማቴ መሪ ላይ፣ እማማ ከጎናቸው፣ እኔና ሚስቴ ከኋላ። ያ በር በእኔ በኩል ሆነ፤ ማንም አልተከራከረኝም። ለክፉ ቀን ብዬ የሥራ ሣጥኔን ይዣለሁ፤ ሻንጣ ማስቀመጫው በመለዋወጫ ጎማና በእማማ ታጣፊ ወንበሮች ስለሞላ በእኔና በሚስቴ መካከል አስቀመጥኩት። ሣጥኑን የሠራሁት ራሴ ነኝ። እንዴት እንደሠራሁት መናገር አያስፈልግም፤ የጫንነው እኔና ሜካኒኩ ተጋግዘን ነው።

ተራራው ሥር ስንደርስ ዝናብ ጣለ። እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ፌስታሎቹን አወጡ፤ አላሰሯቸውም፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አማቴ በሠላሳ ይነዳሉ፤ ኩርባ ላይ በሃያ። ከኋላችን አንድ ጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ አማቴ እጃቸውን አውጥተው ሰላም አሉት።

«ይቺ» አሉ በሦስተኛው ኩርባ፣ «ቋጥኝ ነበረች። ሁለት ሳምንት በመሣሪያዬ አጮልቄ አየኋት።» በስድስተኛው፣ «ይቺን ስቀይስ ሆዴን አሞኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የጠበበችው።»

«አርባ ምናምን ዓመት ሰው እዚህ ጋ ሲማረር የኖረው በእርስዎ ሆድ ነው?» አለቻቸው ሚስቴ።

«ስለ ሆዴ የጠየቀኝ አልነበረማ።»

በዘጠነኛው ኩርባ መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል። አማቴ አላዩትም። እኛ አየነው፤ አልተናገርንም። ጎማው ውሃውን ሲመታ ከሥር ወለሉ ላይ ጧጧታ ተሰማ። እማማ በልማዳቸው ሁለቱንም እግሮቻቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ቆዩ። ከዚያ አንዱን አወረዱ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ጎንበስ ብለው ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

አማቴ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። «ይቺን ብቻ ነበር ያልኩት» አሉኝ። ገላዋ በየኩርባው ጥቂት ትወዛወዛለች፤ ለስለስ ያለ ድምፅ አላት። ማጠናከር አላሰኘኝም አልልም። እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

አሥራ ሰባተኛው ኩርባ ላይ ዝናቡ አባራ። አማቴ ጫፍ ላይ መኪናዋን አቆሙ፣ የእጅ ፍሬኗን ሳቡ፣ ቁልፉን አጠፉ፤ ግን መሪውን አልለቀቁም። እማማ ፌስታሎቹን በአራት አጥፈው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ሁለቱም ወርደው ወደ ዳርቻው ሄዱ፤ ሚስቴም በበኩሏ ወርዳ ተከተለቻቸው።

እኔ በሩን ገፋሁ። እምቢ አለ። በሌላው በኩል ልውጣ ብል ሣጥኑ አለ። ልገፋው ሞከርኩ፤ የሠራው ሰው ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ስለዚህ ቀሪውን ያየሁት በመስታወት ነው። አማቴ በጣታቸው ታች ያለውን መንገድ እየጠቆሙ ለእማማ ያሳያሉ፤ ምን ያህሉን እንደሚያዩት አላውቅም፤ እማማ ግን በየጥቆማው «አየሁ» እያሉ ይነቀንቃሉ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ አማቴ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው የሚስቴን እጅ ያዙና መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

«ቁልቁለቱን አንቺ ንጂው» አሏት። «ከዛሬ ወዲያም አንቺው።»

ሚስቴ ቁልፉን ይዛ ቆመች። «እሱስ?» አለች ወደ እኔ እያየች።

አማቴ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«እሱ ባለበት ይቀመጥ። በሩንም እንዳያስተካክለው።»

መኪናዋ አሁን ቤታችን ናት። በየእሑዱ ሚስቴ አባቷንና እናቷን ጭና ትነዳለች፤ እኔ ከሹፌሯ ጀርባ እቀመጣለሁ፤ ስንደርስ አንድ ሰው አስታውሶ ከውጭ እስኪከፍትልኝ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ያስታውሳሉ። ባለፈው ሳምንት ሜካኒኩ በሩን አየና፣ «ለምን አትሠራውም? ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ።

«ሁለት ቀን» አልኩት።

ሁለታችንም ተያየን። በሩን አልነካሁትም።